ትርፍ ተሳፋሪ

አየርላንዳዊ አያቱ የት ገብቶ የት እንደወጣ ማወቅ ሲያምረው የሚጠይቀው መርከብን ነው። ወላይታ፣ ሻንቶ ላይ የሚጠየቀው ሰው ነው። መርከብ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ የሻንቶ ሰው ግን ከመመለሱ በፊት እሱ ራሱ የሚጠይቀው አለው።

ይህን ጣጣ ያመጣችብኝ ደብሊን የምትኖር የአጎቴ ልጅ ናት። ነርስ ናት። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆና ሻይ ሲጠጡ፣ የሥራ ባልደረባዋ ቅድመ አያቷ ከአየርላንድ ወደ ቦስተን የሄደችበትን መርከብ ከስልኳ ላይ መዥረጥ አድርጋ አሳየቻት። ጥቂት ቆየት ብላ ደግሞ አሮጊቷ ናፍቆት አላስቀምጥ ብሏት የተመለሰችበትን። የመርከቡ ስም፣ የተሳፈረችበት ወደብ፣ ዕድሜዋ፣ ሥራዋ፣ ማንበብ መቻል አለመቻሏ፣ ስትደርስ የምታርፍበት ዘመድ፣ ኪሷ ውስጥ የያዘችው ገንዘብ ሳይቀር ተጽፏል። የአጎቴ ልጅ ቀናች። ድሮ ቅናት ባሕር ለማቋረጥ ጊዜ ይፈጅበት ነበር፤ ዛሬ በድምፅ መልእክት ይላካል።

«አንተ እዚያው አይደለህ? እስቲ የአያታችንን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጉዞ ፈልግልኝ። መቼ ሄዱ፣ በምን ሄዱ፣ መቼ ተመለሱ? በቃ፣ ይኸው ነው።»

«እዚያው አይደለህ» የምትባል ነገር አለች። ውጭ አገር ያለ ዘመድ፣ አገር ቤት የቀረነው ሁላችን መዝገብ ቤት በር ላይ ቁጭ ብለን ቁልፍ የምናሽከረክር ይመስለዋል።

መቼም ፈረንጅ መያዝ ሲይዝ ይይዛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1819 ባወጣችው ሕግ፣ ወደቧ የሚደርስ የመርከብ አዛዥ ሁሉ የጫናቸውን ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታና ሥራ ጽፎ እንዲያስረክብ አስገደደች። እንግሊዝም ያኔ አየርላንድን ጭምር ታስተዳድር ስለነበር፣ ከወደቦቿ ወደ ሩቅ አገር የወጣውን እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ፣ ከሩቅ የተመለሰውን ከ1878 ጀምሮ እስከ 1960 የተጻፈውን አስቀምጣለች። የሄደውም የተመለሰውም በየመልኩ ተሰድሮ ተቀምጧል ማለት ነው። አየርላንዶች ራሳቸው የሚቆጩበት ነገር ቢኖር እ.ኤ.አ. በ1922፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ፣ ደብሊን የነበረው መዝገብ ቤት ተቃጥሎ የስንት መቶ ዓመት ወረቀት ዐመድ መሆኑ ነው። የመርከቡ ዝርዝር የተረፈው እዚያ ስላልነበረ ነው። የሸሸ ወረቀት እንደሸሸ ሰው ነፍሱን አተረፈ።

ግን መዝገብ መኖሩ ብቻውን ሰው አያስገኝም። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1892 ኒውዮርክ ላይ የኤሊስ ደሴት መቀበያ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ገቢ አኒ ሙር የምትባል የኮርክ ልጅ ነበረች። በ«ኔቫዳ» መርከብ ነው የመጣችው፤ የአሥር ዶላር ወርቅም ተሸለመች። ዝርዝሩ ላይ ዕድሜዋ ተቀንሶ ተጻፈ እንጂ 17 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደች ሲፈለግ ቴክሳስ የኖረች አንዲት አኒ ሙር ተገኘች፤ ለብዙ ዓመታት እሷ ናት ተብሎ ታሪኳ ተነገረ፣ ዘሮቿም በክብር ተጋበዙ። እ.ኤ.አ. በ2006 አንዲት የዘር ሐረግ አጥኚ ነገሩን ስትፈትሸው የቴክሳሷ አኒ የተወለደችው እዚያው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛዋ ከኒውዮርክ ንቅንቅ ሳትል፣ እዚያው ማንሃተን አግብታና ወልዳ ሞታለች። እንግዲህ ስም፣ መርከብ፣ ቀንና ሐውልት እያለ እንኳ አያት ይሳሳታል። ይህን ለአጎቴ ልጅ ነገርኳት። «ሰበብ አታብዛ» አለችኝ።

ወደ ሻንቶ እንመለስ። በገበያ ቀን፣ አያቴን በደንብ ያውቁ ነበር የተባሉ አንድ አዛውንት ሻይ ቤት ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታው ረዘም ብሎ አለቀና ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

«ጋሼ፣ አያቴ ወንጂ የሄዱት መቼ እንደነበር ያስታውሳሉ?»

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«እናትህስ?»

ነገርኳቸው።

«የእናትህ አባት ጎሳ ምንድን ነው?»

እሱንም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«ታዲያ መሬቱ ላይ ምን ልትሠራ አስበህ ነው?»

«የምን መሬት?»

«ሰው መሬት ካልፈለገ አያት ለምን ይቆጥራል?»

አልፈርድባቸውም። የብዙ ቤተሰብ ማሳ ግማሽ ሄክታር በማይሞላበት በወላይታ፣ ከከተማ መጥቶ ስለ አያቱ የሚጠይቅ ሰው ሜትር ይዞ እንደመጣ ነው የሚታየው። ነገሩን ለማብረድ ጠያቂዋ እኔ ሳልሆን ደብሊን ያለችው የአጎቴ ልጅ መሆኗን ነገርኳቸው። ባሰበት። «አሃ! ልትሠራ ያሰበችው እሷ ናታ» አሉ፣ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ዞር ብለው። እስከ ማታ የአጎቴ ልጅ ሻንቶ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ጀምራ ነበር።

በዚህ ነገር አየርላንዶችም አይሙን። ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው እዚያም ዓይን ይበላዋል። ጆን ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1952 የሠራው «ኳየት ማን» የሚባለው ፊልም ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ጆን ዌይን አሜሪካ ኖሮ ይመለስና የተወለደባትን ጎጆ ሊገዛ ሲል፣ መሬቷን የሚፈልግ ጎረቤት ይነሳበታል። ሻንቶ ቢሆን ኖሮ ገና ከመኪና ሳይወርድ የእናቱን አባት ጎሳ ይጠየቅ ነበር።

አዛውንቱ ልባቸው ረጋ ሲል ግን የያዙት እውቀት ጉድ ነው። የአያቴን አባት፣ የአባታቸውን አባት እያሉ ሳይንተፋተፉ ሽቅብ ወጡ፤ ከማን ጋር እንደተጋባን፣ ከማን ጋር መጋባት ነውር እንደሆነብን ጭምር። ወላይታ ማላና ዶጋላ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ በሥራቸው ያሉት ጎሳዎች ከመቶ ይበልጣሉ። የገዛ ጎሳን ማግባት ክልክል ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ለጨዋታ የሚደረግ አይደለም። ፍቅር ሳይጠና ዘር መቆጠር አለበት። እንዲህ ሽቅብ እስከ ላይ የሚወጣ ሰው ግን ዓመት ሲጠየቅ እጁን ይዘረጋል። «ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው፤ መሬት ላራሹ ሳይታወጅ» አሉኝ። በዚያ ስሌት አያቴ የሄዱት ከ1933 እስከ 1967 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። የአጎቴ ልጅ የፈለገችው ቀኑን ነበር።

«በምንስ ሄዱ?»

«በኤንትሬ።»

የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ኤንትሬ ከጣልያን የመጣ የፊያት የጭነት መኪና ነው። ላዩ ላይ በቆሎ ይጫናል፤ በበቆሎው ላይ ሰው። ኬላ ሲደርስ የሚቆጠረው በቆሎው ነው፤ ግብር የሚከፈልበት እሱ ነዋ። በአያቴ ዘመን መዝገብ ላይ ለመስፈር ኩንታል መሆን ያስፈልግ ነበር።

ዛሬስ ቢሆን? ከአዲስ አበባ ሶዶ የሚመጣ መኪና ላይ ወንበር ያገኘው ሰው ትኬቱ ላይ ስሙ ይጻፍለት ይሆናል። ትርፍ ግን ትርፍ ነው። ባለፈው በሆሳዕና በኩል ስመጣ መተላለፊያው ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ አይቼዋለሁ፤ አንዱ ዱካ ላይ፣ አንዱ በተደፋ ጀሪካን ላይ፣ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ በጤፍ ከረጢት ላይ። ረዳቱ ከሩቅ ነጭ ቆብ ሲያይ «ትራፊክ! መሐል ያላችሁ ዝቅ በሉ!» አለ። ሁሉም እንደ ተለማመደ ወታደር እጥፍ አለ። አንድ ወጠምሻ ግን ቁመቱ አልታጠፍ ብሎት አንገቱን ከእኔ ጉልበት ሥር አስገባ። ትራፊኩ በመስኮት አየ፤ የታየው የተጻፈው ብቻ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የዚያ ወጠምሻ የልጅ ልጅ አያቱን በተሳፋሪ መዝገብ ሲፈልግ እኔን ያገኛል እንጂ እሱን አያገኝም።

የስሙ ነገር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። አየርላንዶች ሁሉም ሜሪ፣ ሁሉም ፓትሪክ ነው ብለው ያማርራሉ፤ ቢያንስ ሜሪ እስክትሞት ሜሪ ናት። አያቴ ሲወለዱ የወጣላቸው የወላይትኛ ስም ነበራቸው። ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ገብተው ሲያምኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ጨመሩ። ወንጂ ሲቀጠሩ ደግሞ ጸሐፊው የሰማውን ሳይሆን መጻፍ የሚችለውን ጻፈ፤ አባታቸውንም እንዲሁ እንደ ነገሩ አስተካክሎ አማርኛ አለበሳቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሰነድ ቢገኝ እንኳ አገሩ «ወላሞ» ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ያ ስም ዛሬ ማንም የማይቀበለው ቢሆንም የዘመኑ ወረቀት የሚያውቀው እሱን ነው። ስለዚህ ፈላጊ ሆይ፣ አያትህን በስሙ የምትፈልግ ከሆነ ቢያንስ በሦስት ስም ፈልገው፤ ይቆጣል ብለህ አትፍራ።

ተስፋ ልቆርጥ ስል መዝገቡን ያልጠበቅኩት ቦታ አገኘሁት። አክስቴ አፍ ውስጥ ነበር።

ወንጂን የመሠረቱት ኤች ቪ ኤ የሚባሉ ሆላንዶች ናቸው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሸንኮራቸውን ይዘው አዋሽ ዳር መጡ፤ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አገዳ ቆራጩ በብዛት የመጣው ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ነው። ከስኳሩ ጋር ግን ሌላ ነገር ነበር። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ የወንጂ አንዳንድ ጉድጓድ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ያን ውሃ እየጠጣ ያደገ ሕፃን ቋሚ ጥርሱ ሲበቅል ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አዋቂ ሆኖ የሄደ ሰው ጥርሱ አይነካም፤ ብዙ ዓመት ከቆየ አጥንቱ ነው የሚጎዳው። ጥርሱ የሚበላሸው ድዱ ውስጥ ገና ሲሠራ ነው፤ የፊት ጥርስ ደግሞ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት የልጅነት ዓመታት ነው።

አክስቴ ስትስቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል ታደርጋለች። ልጅ ሆኜ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

«አክስቴ፣ የተወለድሽው ወንጂ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ታዲያ ይሄን ከየት አመጣሁት?» አለችና ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። «አባትየው ስኳር አመጣ፣ እኔ ቀለሙን።»

ከእሷ በአምስት ዓመት የሚያንሰው አጎቴ፣ የደብሊኗ አባት፣ ጥርሱ እንደ ወተት ነው። የተወለደው ሻንቶ ነው። እንግዲህ አያቴና ሚስታቸው የተመለሱት በዚያች አምስት ዓመት ውስጥ፣ ያውም አክስቴ ጥርሷን ከጨረሰች በኋላ ነው። የትኛውም የመርከብ አዛዥ ከዚህ የተሻለ አልጻፈም። መርከብ ላይ ዕድሜ ይዋሻል፤ ጥርስ አይዋሽም።

አሁን የቀረኝ አክስቴ የተወለደችበት ዓመት ነው። መታወቂያዋን አልጠየቅኳትም፤ በግምት የተጻፈ ነው። በዚያ ፈንታ ሣጥኗን ከፍታ አንድ ፎቶ አወጣች። ናዝሬት የተነሱት ነው። ከኋላ መጋረጃ ላይ ሐይቅና ዋርካ ተሥሏል፤ አያቴ ኮት ለብሰው ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው ሰዓታቸውን ያሳያሉ፤ አያቴ ሴቷ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል፤ የተጠቀለለው አክስቴ ናት። የሰዓቱን ነገር አዛውንቱ አጫውተውኛል፤ ሰዓቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ከሻንቶ አካባቢ ወንጂ የሄደው ጎልማሳ ሁሉ በዚያው ሰዓት ነው የተነሳው፤ ኮቱም ያው ኮት ነው፤ ቀጭኑ ላይ ይሰፋል፣ ወፍራሙ ላይ ቁልፉ አይገጥምም። ጀርባውን ስገለብጠው በሰማያዊ ቀለም፣ በተለመደው የማስታወሻ ቃል ሥር «ሚያዝያ 1954 ዓ.ም.» ይላል። የኛ አገር የተሳፋሪ መዝገብ የፎቶ ጀርባ ነው። የጽሕፈት ጠቢብ የሆነው ያ ያልታወቀ የፎቶ ቤት ሠራተኛ ከአንድ ቆንስላ በላይ ጠቅሞናል።

ስለዚህ አያቴ የሄዱት ከ1946 በኋላ ከ1954 በፊት፣ የተመለሱት ከ1957 እስከ 1959 ባለው ጊዜ ነው። ለምን እንደተመለሱ አዛውንቱን ጠየቅኳቸው። አየርላንዳዊቷ በናፍቆት ነው የተመለሰችው።

«ወንድሙ እንሰቱን እያለፈ ድንበር ሲገፋበት ሰማ፤ መጣ» አሉኝ። ቀጥለውም በደንብ አዩኝ። «እና አሁን አንተም አያት ትቆጥራለህ!»

በሕዝብ ደረጃ ካየነው ሰው ከዚህ አገር መጀመሪያ በብዛት የወጣው ወዶ አይደለም። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ በወላይታው ንጉሥ ጦና ላይ ሲዘምቱ ጦና ተማርከው አዲስ አበባ ተወሰዱ፤ ሌላውም ሕዝብ በገፍ ተነዳ። ከዘመቻው ጋር የነበረ ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ያየውን መጽሐፍ አድርጎ ጽፏል፤ የተነዱት ሰዎች የስም ዝርዝር ግን የለበትም። ከእነዚያ ውስጥ ተመልሶ እዚህ የገባ እንደነበር የምናውቀው ከቤተሰብ አፍ ነው። ይህ ቀልድ የለውም፤ እናልፈዋለን።

የተመላሽ ዝርዝር በወጉ የተያዘው በእኛ ዘመን ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕገ ወጥ ያለቻቸውን ስታስወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ቦሌ ገቡ፤ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅትም እየተቀበለ መዘገበ። የእኛ አካባቢ ልጆችም ነበሩበት። የነገ ፈላጊ እዚያ ውስጥ አያቱን ያገኝ ይሆናል፤ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። የልደት ቀኑን የማያውቅ አበሻ ቅጽ ሲሞላ ጃንዋሪ 1 ነው የሚወለደው። ከእኛ ውስጥ ስንቱ በፈረንጅ አዲስ ዓመት እንደተወለደ ያየ ተመራማሪ አንድ ነገር ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

በሞያሌ አድርጎ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ ደቡብ አፍሪካ የሚገባው ደግሞ ዝርዝር ላይ እንዳይገኝ ገንዘብ የሚከፍል ተሳፋሪ ነው። አየርላንዶች ልጃቸው አሜሪካ ሊሄድ ሲል በዋዜማው ሌሊት እንደ ሞተ ሰው ተሰብስበው ያመሹለት ነበር፤ ያለቅሳሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ጠዋት ይሸኙታል። የኛው ልጅ የሚሄደው እናቱ ሳትሰማ ነው። ለቅሶውም ጭፈራውም ስልክ እስኪደወል ይቆያል።

ያገኘሁትን ሁሉ አቀናብሬ ወደ ደብሊን ላክሁ፤ የአክስቴን ጥርስ፣ የፎቶውን ጀርባ፣ የአዛውንቱን ምስክርነት። መልሱ ወዲያው መጣ።

«የመርከቡስ ስም?»

«ኤንትሬ» ብዬ ጻፍኩ።

«የተሳፋሪ ቁጥር?»

«ትርፍ።»

ለጊዜው ተደሰተች። በሳምንቱ ግን እየጮኸች ደወለች። ለአየርላንዳዊቷ ጓደኛዋ የዘር ሐረጉን በኮምፒዩተር ስታስገባ 1954ን እንዳለ በፈረንጅ አቆጣጠር ከትታዋለች። በዚያ ስሌት አያታችን፣ ፋብሪካው ገና ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ ሥራ ይዘው፣ ሚስት አስመጥተው፣ ልጅ ወልደው፣ ፎቶ ተነስተዋል። «እንዴት ያለ ፈጣን ሰው ነው!» ብላለች ጓደኛዋ።

ለነገሩ የአጎቴ ልጅ ይህን መፈለጓ ለራሷ ልጆች ነው። አየርላንድ፣ አያቱ እዚያ የተወለደ ሰው ዜግነት መጠየቅ ይችላል ትላለች፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ አያት ፍለጋ ነው። የኛም ሕግ ቢሆን፣ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ፣ ከወላጅ ወይም ከአያት አልፎ ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ ቢጫውን መታወቂያ ያስገኛል። ችግሩ ማስረጃ ነው። በመላ አገሪቱ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድነው ማስረጃችን በሰው አፍ ነው ያለው፣ ያም ሰው አርጅቷል።

ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል። ያኔ ከአዲስ አበባም፣ ከሐዋሳም፣ ከመተሐራም መኪናው ሁሉ ትርፍ ጭኖ ወደ ወላይታ ይገባል፤ ሁሉም አንድ ቤት ይሰበሰባል። ሥጋው ከተበላ በኋላ ደብተር አውጥታችሁ አሮጊቶቹን ጠይቁ፤ ማን ሄደ፣ በምን ሄደ፣ በየትኛው ስሙ ተቀጠረ፣ ማን አስመለሰው። መሬት እንደማትፈልጉ በቅድሚያ ተናገሩ። የፎቶዎቹን ጀርባ ሳትገለብጡ እንዳታልፉ። ዓመት በጻፋችሁ ቁጥር ደግሞ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን እባካችሁ አትርሱ።